የወላጆቻችን ሱቅ በጉግል እንዴት ይገኛል?

በካርቱም ከምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን የምንተዳደረው በትንሽ ንግድና በእጅ ሥራ ነው። በዴም፣ በጅሬፍና በሌሎችም ሰፈሮች ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ የሐበሻ ልብስ ስፌት፣ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ ከፍተን እንሠራለን። የተማሪዎቻችን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተርና ዩኒፎርም የሚወጣው ከእነዚሁ ቤቶች ነው። ስለዚህ የወላጆች ገበያ የትምህርት ቤታችንም ጉዳይ ነው ብለን እናምናለን።

ቀደም ሲል ደንበኛ የሚመጣው ሰው ለሰው ሲነጋገር ነበር። ይህ ዛሬም አልቀረም። ነገር ግን የሐበሻ ምግብ ያማረው ሱዳናዊ ቤተሰብ፣ ለሠርግ ቀሚስ የምታሰፋ ሙሽራ፣ ከአዲስ አበባ ትናንት የደረሰ እንግዳ ከጎረቤት በፊት ስልኩን ይጠይቃል። በስልኩ ላይ ያልተገኘ ሱቅ፣ እንጀራው ምንም ያህል ቢያምር፣ ለዚያ ደንበኛ እንደሌለ ይቆጠራል። ድረ ገጽ አሠርተው «ማንም አላየውም» የሚሉ ወላጆችም ጥቂት አይደሉም።

በዚህ ጽሑፍ የፍለጋ ሞተር እንዴት እንደሚሠራና አንድ አነስተኛ ንግድ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ እንዴት ሊገኝ እንደሚችል እናስረዳለን። ዋናውን ሐሳብ አስቀድመን እንናገር፤ ነገሩ ድብቅ ጥበብ አይደለም። ለአንባቢ በሚገባው ቋንቋ፣ በግልጽ፣ በትክክልና በእውነት መጻፍ ነው። ይህ ደግሞ በየክፍላችን በየቀኑ የምናስተምረው ትምህርት ነው።

የፍለጋ ሞተር ምን ይሠራል?

ሥራውን በሦስት ደረጃ ከፍለን ብናየው ይቀላል። አንደኛው መዞር ነው። የጉግል ኮምፒውተሮች ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በሊንክ እየተሻገሩ ያገኙትን ያነባሉ። ሁለተኛው መመዝገብ ነው። ያነበቡትን በትልቅ መዝገብ ውስጥ ያሰፍራሉ፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የመጻሕፍቱን ርዕስና ይዘት በካርድ እንደሚያሰፍር ማለት ነው። ሦስተኛው ደረጃ መስጠት ነው። አንድ ሰው ቃል ሲጽፍ ከመዝገቡ ውስጥ ለጥያቄው የሚስማሙትን አውጥቶ በቅደም ተከተል ያቀርባል። ስንፈልግ የምናየው ይህንን መዝገብ ነው። ስለዚህ ያልተመዘገበ ገጽ ምንም ያህል ቢያምር አይወጣም።

ጉግልን እ.ኤ.አ. በ1998 የመሠረቱት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን ናቸው። የታወቁበት ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ሌሎች ገጾች በሊንክ የሚያመለክቱት ገጽ ክብደት አለው፤ አመልካቾቹ ራሳቸው የታመኑ ከሆኑ ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል። በሰፈራችን ቋንቋ ምስክርነት ማለት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአበው ቃል ለድረ ገጽም ይሠራል። የእንጀራ ሻጯ ገጽ የቅመም ሱቁን፣ የቅመም ሱቁ የምግብ ቤቱን፣ ምግብ ቤቱ የልብስ ሰፊውን ቢጠቁም ሁሉም ይጠቀማሉ። ይህ የሚሆነው ግን በእውነት የሚተዋወቁና የሚሠራሩ ሲሆኑ ነው። ሊንክ በገንዘብ መግዛት በጉግል ደንብ የተከለከለ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ መለየት አለበት። ከውጤቶቹ መካከል በማስታወቂያነት ተለይተው የሚታዩት የተከፈለባቸው ናቸው። የቀሩት ውጤቶች ቅደም ተከተል በገንዘብ አይሸጥም። ይህ ለእኛ ትልቅ ቁም ነገር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ በጥቅምት 2017 ቢነሳም፣ ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ በእጁ ያለው ነጋዴ ዛሬም ጥቂት ነው። ማስታወቂያ መግዛት ለብዙዎቻችን የማይቻል ከሆነ፣ የቀረልን መንገድ ገጻችንን በሚገባ መጻፍ ነው።

ደንበኛው የሚጽፈው ቃል የትኛው ነው?

ፍለጋ የሚጀምረው ከደንበኛው አፍ ነው። ባለቤቱ ቤቱን የሚጠራበት ስምና ደንበኛው የሚፈልግበት ቃል ብዙ ጊዜ አይገናኙም። አንድ ምግብ ቤት በገጹ ላይ የጻፈው የቤቱን ስምና «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ሰላምታ ብቻ ነው እንበል። ስሙን የማያውቅ ሰው በምን ይፈልገዋል? «የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ካርቱም» ብሎ ነው። እነዚህ ቃላት ገጹ ላይ ከሌሉ የፍለጋ ሞተሩ ከየት ያመጣቸዋል?

በካርቱም ደግሞ አብዛኛው ደንበኛ የሚጽፈው በዓረብኛ ነው። «መጥዓም ሐበሺ» ብሎ ይፈልጋል። ወጣችንን «ዝግኒ» በሚለው ስም የሚያውቅ ብዙ ነው። ቡናንም ቢሆን በጀበና የተፈላውን ራሱን «ጀበና» ብለው ይጠሩታል። «የጾም በያይነቱ» የሚለውን ቃል ወደ ዓረብኛ ፊደል ብቻ ብንገለብጠው ለሱዳናዊው አንባቢ ምንም አይነግረውም፤ «ሥጋና ቅቤ የሌለበት፣ ከምስርና ከአትክልት የተሠራ» ብለን በዓረብኛ ብንጽፍለት ግን ወዲያው ይገባዋል። ሥጋው ሐላል ከሆነም ይኸው በግልጽ ይጻፍ፤ ደንበኛው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው እሱን ነውና።

የስም አጻጻፍም ራሱን የቻለ ችግር አለው። «ገ» የሚለው ድምፅ በመደበኛው የዓረብኛ ፊደል ውስጥ የለም። ሱዳኖች «ገ» እያሉ የሚያነቡት «ቃፍ» የሚባለውን ፊደል ነው፤ ገዳሪፍ የሚለው የከተማ ስም የሚጻፈውም በዚሁ ነው። «ጎንደር» የሚል ስም ያለው ሱቅ ግን በ«ቃፍ»ም፣ በ«ገይን»ም፣ በ«ጂም»ም ተጽፎ ሊፈለግ ይችላል። በላቲን ፊደልም እንዲሁ ነው፤ ዴምን አንዱ በ«ኤ» ሌላው በ«አይ» ይጽፈዋል፤ ወጥንም አንዱ በ«ኦ»፣ አንዱ በ«ኤ»፣ ሌላው በ«ኣ» ይጽፈዋል። ስለዚህ ለምልክት ሰሌዳችን፣ ለገጻችንና ለካርታው አንድ ዓይነት አጻጻፍ እንምረጥ፤ ሁለተኛውን የተለመደ አጻጻፍ ደግሞ «እንዲህም ተብሎ ይጻፋል» ብለን አንድ ቦታ ላይ እንጥቀስ።

በሦስት ቋንቋ መጻፍ ሲባል ግን ሦስቱን በአንድ ገጽ ላይ ማደባለቅ አይደለም። ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ገጽ ይኑረው። በኮምፒውተር የተተረጎመ ጽሑፍም እንዳለ አይለጠፍ። የጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ለመነሻ ይረዳል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሳያርመው ግን ለደንበኛ አይቀርብም።

የራሳችን ፊደል

በአማርኛ የሚፈልጉን ወገኖቻችንም አሉ። እዚህ ላይ የሚያጋጥመውን ነገር መምህራኖቻችን ከቃል ጽሕፈት ደብተር ጠንቅቀው ያውቁታል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። በመሆኑም ዓሣን አንዱ «ዓሣ»፣ ሌላው «ዓሳ»፣ ሌላው «አሣ»፣ ሌላው «አሳ» ብሎ ይጽፋል። «ፀጉር ቤት» እና «ጸጉር ቤት»፣ «ሥጋ» እና «ስጋ» እንዲሁ ናቸው። ለእኛ ሁሉም አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ያለው የተለየ ፊደል ነው። የፍለጋ ሞተሩ ሁልጊዜ አንድ መሆናቸውን ይረዳልናል ብለን መተማመን አይገባንም።

መፍትሔው አንድ ገጽ ላይ ሁሉንም አጻጻፍ መደርደር አይደለም፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ አንባቢን ያሰለቻል፤ ጉግልም እንደ ማጭበርበር ያየዋል። በገጹ ርዕስና በዋናው ጽሑፍ ትክክለኛውን አጻጻፍ እንጠቀም፤ ሰዎች በብዛት የሚጽፉትን ሁለተኛ አጻጻፍ ደግሞ በፎቶ መግለጫ ወይም በጥያቄና መልስ ክፍል ውስጥ ያለ ግድፈት ልናስገባው እንችላለን።

ከዚህ የሚብሱ ሁለት ችግሮች አሉ። አንደኛው አሮጌ የፊደል አጻጻፍ ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት እንደ ቪዥዋል ግእዝ ያሉት ፕሮግራሞች የራሳቸውን ስልት ይጠቀሙ ስለነበር፣ በእነሱ የተጻፈ ጽሑፍ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። የፍለጋ ሞተሩም የሚያነበው ያንኑ ነው። ሁለተኛው ጽሑፍን በፎቶ ማቅረብ ነው። የምግብ ዝርዝሩ በሚያምር ወረቀት ታትሞ፣ ፎቶ ተነሥቶ ገጹ ላይ ይለጠፋል። ለዓይን ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ «ክትፎ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ያንን ፎቶ ያገኘዋል ማለት ዘበት ነው። ዝርዝሩ በፊደል ይተየብ፤ ፎቶው ከጎኑ ይሁን።

የገጹ ርዕስም አይዘንጋ። በፍለጋ ውጤት ላይ በትልቁ የሚታየው እሱ ነው። ብዙ ገጾች ላይ «ዋና ገጽ» የሚል ብቻ እናያለን። በምትኩ ሥራው፣ ሰፈሩና ከተማው ቢጻፍ፣ ለምሳሌ «የሐበሻ ልብስ ስፌት፣ ዴም፣ ካርቱም» ቢባል፣ ለአንባቢውም ለፍለጋ ሞተሩም በቂ መልእክት ነው።

ሰዓት፣ ቀንና አድራሻ

እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ አብዛኛው ዓለም ግን ከእኩለ ሌሊት ነው። «ከ2 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው» ብሎ የጻፈ ሱቅ ለኢትዮጵያዊው ጠዋት ነው፤ ለሱዳናዊው ግን ከቀትር በኋላ ወይም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። በዓረብኛውና በእንግሊዝኛው ገጽ፣ በጉግል ካርታም ላይ 8 ተብሎ መሞላት አለበት። በዓላትን በተመለከተም እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር «የ2014 ገና» ተብሎ የተጻፈ ማስታወቂያ ለሌላው አንባቢ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያለፈው ወሬ ይመስላል። ስለዚህ በሌሎቹ ቋንቋዎች ሲጻፍ ቀኑም ይቀየር። በረመዳን፣ በዐቢይ ጾምና በዓርብ ቀን የሥራ ሰዓት የሚለወጥ ከሆነም ይጻፍ። ተዘግቶ ያገኘው ደንበኛ ሁለተኛ አይመጣም።

አድራሻን በተመለከተ፣ በዓማራት እንደምናየው መንገዱ ቁጥር ካለው ቁጥሩ ይጻፍ። ቁጥር በሌለበት ሰፈር ደግሞ ሰው የሚያውቀው ምልክት፣ ማለትም መስጊድ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ገበያ ወይም ፋርማሲ ይጠቀስ። ስልክ ቁጥሩ 249 ከሚለው የአገር መለያ ጀምሮ ሙሉውን ይጻፍ፤ ከውጭ የሚደውል ዘመድም ደንበኛ ነው። ስሙ፣ አድራሻውና ስልኩ በገጹ፣ በካርታውና በፌስቡክ ላይ አንድ ዓይነት ይሁኑ። በሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ሆኖ ሲገኝ ደንበኛውም የፍለጋ ሞተሩም የትኛውን እንደሚያምኑ ይቸገራሉ።

ካርታውና የደንበኞች አስተያየት

ድረ ገጽ የሌለው ሱቅ እንኳ በጉግል ካርታ ላይ በነፃ መመዝገብ ይችላል። ይህ አገልግሎት እስከ 2021 መጨረሻ ጉግል ማይ ቢዝነስ ይባል ነበር፤ አሁን ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ተብሏል። የሥራው ዓይነት፣ ሰዓቱ፣ ስልኩና ፎቶዎቹ ይሞላሉ፤ ጉግልም ባለቤትነቱን ካረጋገጠ በኋላ ይታያል። ለአነስተኛ ሱቅ ከሁሉ በፊት የሚመከረው ይኸው ነው። ፌስቡክና ቴሌግራምም ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን በዝግ ቡድን ውስጥ የሚጻፈውን የፍለጋ ሞተር አያነበውም። እዚያ የሚያየን አስቀድሞ የሚያውቀን ሰው ብቻ ነው።

ደንበኞች ስለ ሱቁ የሚሰጡት አስተያየት ትልቅ ክብደት አለው። የሚወጣውን ደንበኛ ሁሉ «እባክዎ አስተያየትዎን ይጻፉልን» ማለት ነውር የለበትም። ዘመድ ሰብስቦ በማያውቁት ምግብ ላይ አምስት ኮከብ ማስጻፍ፣ ወይም በጎረቤት ሱቅ ላይ ክፉ ማስጻፍ ግን ሐሰት ነው። ከጉግል ደንብም፣ ከእኛም ምግባር ውጭ ነው። ልጅ ወላጁ ሲያደርግ ያየውን ይማራልና ይህን በተለይ አደራ እንላለን። ቅሬታ ሲመጣ አጭርና ጨዋ መልስ መስጠት ይበቃል፤ ብዙ አንባቢ የሚመዝነው ከቅሬታው ይልቅ መልሱን ነው።

አንድ ብርቱ ጥንቃቄ እዚህ ላይ አለ። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ እንጀራ የሚጋግሩት፣ ዳቦ የሚደፉትና ልብስ የሚሰፉት በመኖሪያ ቤታቸው ነው። የመኖሪያ ቤትን ትክክለኛ ቦታ ለማያውቁት ሰው ሁሉ በካርታ ላይ ማሳየት ተገቢ አይደለም። ጉግል አድራሻን ሰውሮ የሚያገለግሉበትን ሰፈር ብቻ ማሳየት ይፈቅዳል፤ እሱን ይምረጡ። የልጆችን ፎቶ፣ የመኖሪያ ፈቃድንና የፓስፖርትን ፎቶ በገጽ ላይ አታውጡ። ምን ያህል መታየት እንደሚሻል የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ በስልክ ቁጥርና በሰፈር ስም ብቻ መታየትም አንድ ምርጫ ነው።

ከምን እንጠንቀቅ?

«ይህን ያህል ክፈሉኝና በጉግል አንደኛ አወጣችኋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ አትመኑት። አንደኛ መውጣትን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ጉግል ራሱ ይህን ይናገራል። «የተደበቁ ቁልፍ ቃላት እጨምራለሁ» ቢልም እንዲሁ፤ በገጹ ጀርባ የሚሞላውን የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት ጉግል እ.ኤ.አ. በ2009 አስታውቋል። በራሳችሁ ስልክ ስትፈልጉ ገጻችሁ መጀመሪያ ስለወጣም አትታለሉ። ውጤቱ እንደ ፈላጊው አካባቢና ቋንቋ ይለያያል። የተሻለው ፈተና በሌላ ሰፈር ያለ፣ ስማችሁን የማያውቅ ሰው እንዲፈልግ ማድረግ ነው። ገጹ መመዝገቡን ለማወቅ ደግሞ ከገጹ ላይ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ወስዳችሁ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ፈልጉ። ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጉግል ነፃ መሣሪያም ሰዎች በየትኛው ቃል እንደመጡ ያሳያል።

የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንዳለ እወቁ። ብዙ ጊዜ ገጹን የሚሠራው የሚያውቅ ዘመድ ወይም ጓደኛ ነው። እኛ ደግሞ ተጓዥ ሕዝብ ነን፤ ያ ሰው ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ገጹም አብሮት ይሄዳል። የገጹ ስም በባለቤቱ ስም ይመዝገብ፤ የይለፍ ቃሉም በቤት ውስጥ በጥንቃቄ ይቀመጥ።

ገጹ ቀላል ይሁን። አብዛኛው ደንበኛ የሚያየን በስልክ፣ በሚገዛው የኢንተርኔት ፓኬጅ ነው። ጉግልም ቢሆን አሁን በዋናነት የሚመዘግበው በስልክ የሚታየውን ገጽ ነው። ከባድ ቪዲዮና ያልተቀነሰ ፎቶ ደንበኛውን ገጹ ሳይከፈትለት ይመልሰዋል።

በመጨረሻም ሁሉንም በኢንተርኔት ላይ አንጣል። ከግንቦት 26 እስከ ሐምሌ 2 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እንዲሁም በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት 15 እስከ ኅዳር 9 ድረስ በሱዳን ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያ ጊዜ ሱቅን ያቆየው የበሩ ላይ ሰሌዳ፣ በደብተር የተጻፈ የደንበኞች ስልክ ቁጥርና የጎረቤት ፍቅር ነበር። ድረ ገጹ በእነዚህ ላይ የሚጨመር እንጂ የሚተካቸው አይደለም።

ለተማሪዎቻችን

ውድ ተማሪዎች፣ ከላይ የተዘረዘረውን ስታነቡ አንድ ነገር ሳታስተውሉ አልቀራችሁም ብለን እናስባለን። ሥራው የሚጠይቀው አማርኛን በትክክል መጻፍ፣ ዓረብኛን እንደ ሰፈሩ ሰው መረዳት፣ በእንግሊዝኛ አጭርና ግልጽ ዓረፍተ ነገር መሥራት ነው። ሦስቱን በአንድ ቤት ውስጥ ከያዛችሁት እናንተ ናችሁ። ወላጆቻችሁ ሙያው አላቸው፤ ብዙዎቹ ግን በዓረብኛ ይነግዳሉ እንጂ አይጽፉም። እናንተ በመንገድ ላይ የምትሰሙትን ቋንቋ በክፍል ውስጥ ማንበብና መጻፍ ተምራችኋል።

በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ አንድ ሥራ እንሰጣችኋለን። ከእናታችሁ ወይም ከአባታችሁ ጋር ተቀመጡና ጠይቁ፤ ደንበኛ ሲደውል መጀመሪያ ምን ይጠይቃል? ዕቃውን ምን ብሎ ይጠራዋል? ከየት ሰፈር ይመጣል? የሚነግሯችሁን ቃል በቃል ጻፉ። ከዚያም ከዚሁ ተነሥታችሁ ስለ ሥራቸው አሥር ዓረፍተ ነገር በሦስቱም ቋንቋ አዘጋጁ፤ ምን እንደሚሠሩ፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ስልክ እንደሚገኙ። የሌለውን አትጨምሩ። ወላጆች ሳይፈቅዱም ምንም ነገር አታውጡ። የጻፋችሁትን ይዛችሁ ስትመጡ የአማርኛ፣ የዓረብኛና የእንግሊዝኛ መምህራኖቻችሁ ያርሙላችኋል።

ወላጆችም ልጆቻችሁ ይህን ጥያቄ ይዘው ሲመጡ ጊዜ ስጧቸው። ሥራችሁን በቃላት ሲያስቀምጡት የሚማሩት ስለ ጉግል ብቻ አይደለም፤ ደብተራቸውና ዩኒፎርማቸው በምን ድካም እንደሚገዛም ያውቃሉ። መልካም ዕረፍት፣ መልካም ገበያ ይሁንልን።